በክፍያ መመነን፦ ከጎንደር ወደ ሰሜን ተራሮች የሦስት ሌሊት ጉዞ

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ሱቄ መጣ። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት የምሠራባት ጠባብ ክፍል አለችኝ። "የሥራ መልቀቂያ ጻፍልኝ" አለ። ምክንያቱን ምን ልበል ብዬ ጠየቅሁት። "ሁሉን ትቼ ጫካ ልገባ ነው" አለኝ።

ደነገጥኩ። በዚህ ጊዜ ይህ አነጋገር ሌላ ትርጉም አለው። ድምፄን ቀንሼ "ምን አልክ?" አልኩት። ልጁ ሳቀ። "ኧረ እንደሱ አይደለም ጋሼ! ድንኳን ይዤ ተራራ ላይ ልኖር ነው። ሰው ሰልችቶኛል።"

ሰው ሰልችቶኛል። ይህችን አባባል አውቃታለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔም ብያታለሁ። ብዬም አልቀረሁ፣ ገንዘብ ከፍዬባታለሁ። የሁለት ወር የሱቅ ኪራይ የሚያህል ገንዘብ! ለልጁ ቆሜ ከማወራለት ብዬ ይኸው ጻፍኩት። የገዛሁት ከጎንደር ተነስቶ ሰሜን ተራሮች አድርሶ የሚመልስ የሦስት ሌሊት ጉዞ ነው። ሰው ስለገዛው ጫማ እንደሚያወራው ጥሩውንም መጥፎውንም እናገራለሁ። የአስጎብኚ ቢሮውን ስም ግን አልጠራም። ደግሞ የሄድኩት መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ ነው። ዛሬ መሄድ የሚያስብ ሰው ከሁሉ በፊት የመንገዱን ወሬ ይጠይቅ።

ለምን እንደሄድኩ ልንገራችሁ።

የኔ ሥራ የሰው ብሶት መተየብ ነው። "ጉዳዩ፦ የቤት ካርታ ስለመጠየቅ"፣ "ጉዳዩ፦ የታገደ ደመወዝ እንዲለቀቅልኝ ስለመጠየቅ"፣ "ጉዳዩ፦ በጎረቤቴ የደረሰብኝን በደል ስለማሳወቅ"። ጠዋት ሁለት ሰዓት እከፍታለሁ። ማታ አንድ ሰዓት ስዘጋ ጆሮዬ በሰው ጉዳይ ጢም ብሎ ነው። አንድ ቀን ታዲያ ሁለት ወንድማማቾች መጡ። አንደኛው ጠዋት፣ ሌላው ከምሳ በኋላ። በአባታቸው መሬት ተጣልተዋል። አንዱ የሌላውን መምጣት አያውቅም። ሁለተኛው ሲናገር ቃሉ ሁሉ ከመጀመሪያው ጋር አንድ ሆነብኝ። ምን አደረግሁ? የጠዋቱን ፋይል ከፍቼ ስም ቀየርኩና አተምኩለት። አንብቦ ሲጨርስ "ልክ እንደ ልቤ ጻፍክልኝ" ብሎ መረቀኝ።

ያን ቀን ማታ ሱቁን ዘግቼ ፋሲል ግንብ አጥር ሥር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። በልቤ አንድ ማመልከቻ አረቀቅሁ። ጉዳዩ፦ ከሰው መካከል ስለመልቀቅ።

እማዬ ስትሰማ ሳቀች። "ልጄ፣ መመነን ካማረህ ዋልድባ አለልህ። ገንዘብ ከፍሎ የሚመንን ሰው የት አይተሃል?" አለች። የነፍስ አባታችን ጠበል ሊረጩ ሲመጡ ደግሞ ለሳቸውም ነገረቻቸው። እኔ ፊት። አባ አልሳቁም። "ልጄ፣ ባሕታዊ የሚኮነው ከማኅበር በኋላ ነው" አሉኝ። "መጀመሪያ አመክሮ አለ። ውኃ መቅዳት አለ፣ እንጨት መፍለጥ አለ፣ መታዘዝ አለ። ከወንድሞችህ ጋር መኖር ስትችል ነው ብቻህን ሂድ የምትባለው። አንተ ከኋላ ጀመርከው።" ዝም አልኩ። የዋልድባ አባቶች እህል አይቀምሱም፣ ምግባቸው ቋርፍ ነው። እኔ ደግሞ ከጉዞው ጥቅል ላይ "እራት፦ ፓስታ በአትክልት" የሚለውን አንብቤ ተደስቻለሁ። ምን ብዬ ልመልስ?

ግን አትፍረዱብኝ። እዚህ ከተማ ያደገ ሰው ዱር ሲባል ደሙ ይሞቃል። ሽለላው፣ ፉከራው፣ የአያቶቻችን ወግ ሁሉ ዱር የገባውን ነው የሚያሞግሰው። ቤቱ ቁጭ ብሎ ግብሩን በሰዓቱ ለከፈለ ሰው የተፎከረ ፉከራ ሰምቼ አላውቅም። ካሳ ኃይሉ ሸፍቶ ቋራ በረሃ ገባ፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ሆኖ ወጣ። ዘውድ የጫነውም በ1847 ዓ.ም. እዚያው ሰሜን፣ ደረስጌ ማርያም ነው። ደጃዝማች ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ብለው ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን! ልጅ ሆኜ ይህን ስሰማ አንድ ነገር ዘልዬ ነበር የምሰማው። ካሳ በረሃ ብቻውን አልኖረም። ተከታይ ነበረው፤ ያበላው፣ የደበቀው፣ ወሬ ያቀበለው ሰው ነበር።

የሌላውን ንጉሥ ታሪክ ግን ብዙ ሰው አያነሳውም። ታላቁ ኢያሱ፣ አድያም ሰገድ፣ የሚወዷት ቅድስተ ክርስቶስ ስትሞት ሐዘኑ ከበዳቸው። ቤተ መንግሥታቸውን ትተው ጣና ውስጥ ካለ ደሴት ገቡ። እሳቸው እዚያ ሳሉ ልጃቸው ተክለ ሃይማኖት ጎንደር ላይ ነገሠ። በዚያው ዓመት፣ እንደ ፈረንጆች በ1706፣ ገዳዮች ተላኩባቸው። እሳቸው ዓለምን ቢተዉም ዓለም እሳቸውን አልተወም። ይህን የማስበው አሁን ነው። ያኔ ሻንጣዬን ስጠቀልል ያሰብኩት ካሳን ብቻ ነበር።

ወደ ገዛሁት ነገር ልመለስ።

ቢሮው ውስጥ የተቀበለኝ ወጣት አንደበተ ርቱዕ ነው። ጥቅሉ ትራንስፖርት፣ የፓርክ ክፍያ፣ ምግብ አብሳይ፣ በቅሎና ባለበቅሎ፣ ድንኳን፣ ፍራሽና ስሊፒንግ ባግ ያካትታል። ጋይድም ነበረው። እኔ ነኝ የሰረዝኩት። "ላገሬ ምን ጋይድ ያስፈልገኛል?" አልኩ። ሒሳቡ ቀነሰልኝ፣ ደስ አለኝ። ይህ የራሴ ጥፋት ስለሆነ ከቢሮው ነጥብ አልቀንስም።

ቀጥሎ ያለው ግን የቢሮው ነው። የተለመደው መንገድ የመጀመሪያውን ሌሊት ሳንቃበር፣ ሁለተኛውን ግጭ፣ ሦስተኛውን ጨነቅ ማደር ነው፤ በእግር፣ ቀስ እያሉ። ወጣቱ ግን "ጋሼ፣ ቀን አታባክን። በመኪና ቀጥ አድርገን ጨነቅ እናደርስሃለን። እውነተኛው ዱር እዚያ ነው" አለኝ። እውነተኛው ዱር! ይህን ሰምቶ እምቢ የሚል አለ? ተስማማሁ።

አሁን ቁጥሩን ተመልከቱት። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር አካባቢ ናት። ጨነቅ 3,600 ገደማ ነው። ጠዋት አልጋዬ ላይ ነበርኩ፤ ማታ ከአልጋዬ 1,500 ሜትር ከፍ ብዬ ተኛሁ። ከ3,000 ሜትር በላይ ሲወጣ የመኝታ ቦታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር ይመከራል። አየሩ ስስ ነው፣ ሰውነት እስኪለምደው ጊዜ ይፈልጋል። ይህን የነገረኝ የለም። እኔም አልጠየቅሁም። ደጋ የተወለድኩ ነኝ፣ ምን ይነካኛል ብዬ።

ከጎንደር ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተነሳን። ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ደባርቅ ላይ ነው፤ እዚያ ስም ይመዘገባል፣ ስካውት ይመደባል። ስካውት ማለት መሣሪያ የያዘ የአካባቢው ሰው ነው። ያለሱ መግባት አይቻልም። "እኔ የመጣሁት ብቻዬን ለመሆን ነው" ብዬ ተከራከርኩ። መዝጋቢዋ ቀና ብላም አላየችኝ። "ብቻዎን ይሆናሉ፤ ጋሼ ብዙ አያወሩም" አለችኝ።

ጋሼ፣ የተመደቡልኝ ስካውት፣ ስድሳ ዓመት የሚጠጉ ቀጭን ሰው ናቸው። አሮጌ ጠመንጃ፣ ጋቢ፣ እግራቸው ላይ ኮንጎ ጫማ። እኔ ደግሞ ለጉዞው ብዬ የገዛሁት ውድ ቡትስ። ከመኪና ወርደን ትንሽ ስንራመድ እሳቸው እንደ ፍየል ይሄዳሉ፣ እኔ እንደ ሙሽራ።

ስለ ቦታው ውበት ብዙ አልልም። የሄደ ያውቀዋል፣ ያልሄደ በቃል አይገባውም። ጅብራው ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ ገደል አፍ ላይ ተተክሏል። ከእግር ሥር ጦስኝ ሲረገጥ ሽታው ይነሳል፤ ሻይ ቤት የገባህ ይመስልሃል። ገደሉ ደግሞ ወደ ታች ሲያዩት ሆድን ባር ባር ይለዋል። በዓለም ላይ ዋልያ የሚገኘው እዚህ ብቻ ነው። ዩኔስኮ ፓርኩን በፈረንጆች 1978 የዓለም ቅርስ አድርጎ መዝግቦታል፤ በ1996 ደግሞ አደጋ ላይ ካሉት ዝርዝር ውስጥ ከቶት ነበር፤ የወጣው በ2017 ነው። ወደ አደጋው መዝገብ ካስገቡት ምክንያቶች አንዱ በውስጡ የሚኖረው፣ የሚያርሰውና ከብት የሚያሰማራው ሰው ነበር። ይህን ጉዳይ ያዙት፣ እመለስበታለሁ።

ድንኳኑ ጥሩ ነበር፤ አዲስ ነው፣ ካስማውም ሙሉ። ፍራሹ ስስ ነው ግን ይቻላል። ስሊፒንግ ባጉ ግን ዚፑ ከወገብ በላይ አይዘጋም። ጊዜው ኅዳር ነው። ኅዳር ላይ ጨነቅ ሌሊቱ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ፦ ጠዋት የሃይላንዱ ውኃ አናት ላይ ስስ በረዶ ነበር። ሌሊቱን ያንን ዚፕ በአንድ እጄ ጨብጬ ነው ያደርኩት። ለስካውቱ ደግሞ ጭራሽ በጥቅሉ የተመደበ ነገር የለም። ድንኳንም፣ ፍራሽም። ጋቢያቸውን ተከናንበው ማብሰያ ጎጆው ውስጥ ነው ያደሩት። እኔ ማታ አላስተዋልኩም። ከሰው ርቄያለሁ ብዬ ሰው ማየት አቁሜ ነበር መሰለኝ።

አብሳዩ ግን! ለሱ ባርኔጣዬን አነሳለሁ። እዚያ ከፍታ ላይ ውኃ የሚፈላው 88 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ፓስታው በቀላሉ አይበስልም፣ ድንቹ ይገግማል። እሱ ይህን ያውቃል። ፓስታውን ትቶ ሽሮ ሠራልኝ፤ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ፣ ትኩስ፣ እየተንተከተከ። ከጎንደር የመጣ እንጀራ አብሮት ነበር። አምስት ከአምስት። ግን ግማሹን አልበላሁትም። ራሴን ያመኝ ጀምሯል። ለማንም ሳልናገር ፓራሲታሞል ዋጥኩና ተኛሁ። መተኛት ከተባለ።

ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተስፋ ቆረጥኩና ተነሳሁ። ራሴ በመዶሻ የሚመታ ይመስላል። ግን ከውጭ ያለው ጸጥታ! ጀነሬተር የለም፣ ውሻ የለም፣ ባጃጅ የለም። ሁሉም ተኝተዋል። አሁን ነው፣ አልኩ። ለማንም ሳልናገር፣ ግማሽ ሃይላንድ ውኃና ስልኬን ይዤ ሰፈሩን ለቅቄ ዳገቱን ያዝኩ። ድንኳኖቹ ከዓይኔ እስኪጠፉ ሄድኩ። ከዚያም ጨምሬ ሄድኩ።

ቀጥሎ ያለውን አንድ ሰዓት አልዋሽም። የከፈልኩትን ገንዘብ በሙሉ ያወጣ አንድ ሰዓት ነበር። ፀሐይ ወጣች። ገደሉ አፍ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ከሥር፣ ሰው ሊቆምበት ከማይችል ግድግዳ ላይ፣ ጭላዳ ዝንጀሮዎች አንድ በአንድ ብቅ ብቅ ማለት ጀመሩ። የሚያድሩት ገደሉ ላይ ነው፤ ጠዋት ወጥተው ሜዳው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። አሥር ሆኑ፣ ሃምሳ ሆኑ፣ ከመቶ በለጡ። ወንዱ ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት አለው፣ ጎፈሩ ካባ ነው። እኔን ከቁብ አልቆጠሩኝም። በመቀመጫቸው እየተንፏቀቁ ሣር ይነጫሉ። አንዳቸውም ማመልከቻ ጻፍልን አላሉኝም። ደረቴ ውስጥ ለዓመታት የተቋጠረ ነገር ሲፈታ ተሰማኝ። እዚህ እቀራለሁ፣ አልኩ። ከልቤ ነው ያልኩት። አንድ ጎጆ፣ ትንሽ ገብስ፣ በቃ።

አንድ ነገር ግን ያኔም ልቤን ኮርኮር አድርጎት ነበር። ጭላዳዎቹ ዝም አይሉም። ያለማቋረጥ ያወራሉ። አንዷ ትጮኻለች፣ ሌላዋ ትመልሳለች፣ አንዱ የሌላውን ጠጉር ይፈትሻል፣ ሁለት ወንዶች ይጣላሉ፣ ሌሎች ይገላግላሉ። የቅዳሜ ገበያ በሉት። ከሰው ሸሽቼ መጥቼ ሰፈር ውስጥ ነው የተቀመጥኩት።

ተነሳሁና የበለጠ ጸጥ ያለ ቦታ ፍለጋ ሄድኩ። ስግብግብነት ነው።

ጉሙ የመጣው ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ከላይ አልመጣም፤ ከቆላው ተነስቶ በገደሉ አፍ ተንከባሎ ወጣ። መጀመሪያ ጅብራዎቹ ጠፉ። ከዚያ ዳገቱ። ከዚያ ጫማዬ። የማጋንን እንዳይመስላችሁ፤ ጎንበስ ብዬ የራሴን ቡትስ ፈልጌያለሁ። በመጣሁበት እመለሳለሁ ብዬ ዞርኩ። የትኛው ነው የመጣሁበት? ራስ ምታቱ አሁን ዓይኔ ላይ ወጥቷል። አቅለሸለሸኝ፣ አስመለሰኝ። ስልኩን አወጣሁ፤ ኔትወርክ የለም። ጥቂት ተራመድኩ። ከእግሬ ሥር አንድ ድንጋይ ተንሸራቶ ሄደ። ወድቆ ሲያርፍ ድምፁን ለመስማት ጆሮዬን አቆምኩ። አልሰማሁም።

ተቀመጥኩ። ሣሩን በሁለት እጄ ጨብጬ ተቀመጥኩ።

ስንት ሰዓት እንደሆነ አላውቅም። አንድ ሰዓት ይሆናል፣ ይበልጥም ይሆናል። ሰው ብቻውን ሲሆን ስለ ጥልቅ ነገር ያስባል ይባላል። እኔ ያሰብኩት ስለ ሱቄ በር ነው። ኩርሲው ላይ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ታዩኝ። ያ በመሬት የተካሰሰው ወንድም ያን ሰዓት ከጉሙ ውስጥ ቢወጣ ጉልበቱን እስመው ነበር። ሁለቱም ቢመጡ ደግሞ በነጻ እጽፍላቸው ነበር።

ከዚያ ደወል ሰማሁ። የበግ ደወል። ቀጥሎ አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የምትሆን እረኛ ከጉሙ ውስጥ በዱላዋ መሬቱን እየነካች መጣች። አየችኝና ቆመች። "አባባ፣ እንዳትነሳ! ገደል ነው!" አለችኝ። አልተነሳሁም። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ላይ ጮኸች፦

"ሰው አለ! እዚህ ሰው አለ!"

ከሩቅ ሌላ ድምፅ ተቀበላትና እሱም ወደ ሌላ ጮኸ። "ሰው አለ" የሚለው ቃል ሸንተረሩን ተሻግሮ ሲሄድ ሰማሁት። ኔትወርክ ማለት ይኼ ነው።

ጋሼ ሲደርሱ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ከንጋት ጀምረው ሲፈልጉኝ ነበር። አልተቆጡም። አጠገቤ ተቀመጡ፣ በሶ በውኃ በጥብጠው ሰጡኝ፣ እስክጠጣ ጠበቁ። ከዚያ "ልጄ" አሉኝ፣ "እኔ አንተን በፊርማ ነው የተረከብኩ። ብትጠፋብኝ ለቢሮው ምን ብዬ አስጽፋለሁ?"

የጽሕፈት ሰው ነኝና ርዕሱ ወዲያው መጣልኝ። ጉዳዩ፦ በጉም ስለጠፋ እንግዳ ማሳወቅን ይመለከታል። ደብዳቤውን ደግሞ ጎንደር ውስጥ ማን ይተይበው ነበር?

በበቅሎ ወደ ሰፈሩ አወረዱኝ። ወዲያው ደግሞ እህል ጭኖ ወደ ደባርቅ የሚሄድ አይሱዙ አስቁመው ጋቢና ውስጥ አስገቡኝና ሳንቃበር ወረድን። ጋሼ የሕክምና ትምህርት የላቸውም። ግን "ይኼ በሽታ መድኃኒቱ ቁልቁለት ነው" አሉ፤ ትክክል ነበሩ። 400 ሜትር ያህል ዝቅ ስንል ማቅለሽለሹ ቆመ። ማታ ሽሮዬን ጨርሼ በላሁ።

የቀሩትን ሁለት ሌሊቶች ሳንቃበር አደርን። ቢሮው ያልሸጠልኝ ጉዞ ይኼ ነው። ጋሼን ድንኳኔ ውስጥ ግቡ አልኳቸው፤ "ጠበንጃና ሰው አብሮ አይተኛም" ብለው ቀለዱ፤ ከብዙ ልመና በኋላ ገቡ። ያንን ስሊፒንግ ባግ ዘርግተን እንደ ብርድ ልብስ ለሁለት ለበስነው። ዚፑ ለካ ለዚህ ነው የተበላሸ።

ሁለተኛው ሌሊት ላይ የት ተወለዱ አልኳቸው። "ግጭ" አሉ። ግጭ ፓርኩ ውስጥ የነበረ መንደር ነው። ለዱሩ ሲባል ነዋሪው ተነስቶ ደባርቅ እንዲሰፍር ተደርጓል። እኔ ሰው የሌለበት ብዬ ገንዘብ ከፍዬ የመጣሁበት ዱር፣ ሰው የሌለበት ሰው ስለወጣለት ነው። "አሁን ልጆቼ መብራት አላቸው፣ ትምህርት ቤቱም ቅርብ ነው" አሉ። ዝም ብለው ቆዩ። "ሌሊት ግን ጸጥ አይልልኝም። የጎረቤት ሬዲዮ ነው፣ መኪና ነው። እንቅልፍ የምተኛው እዚህ ስመደብ ነው።" መዝጋቢዋ ብዙ አያወሩም ያለቻቸው ሰውዬ እስከ ስድስት ሰዓት ሌሊት አወሩኝ። ስለ ጉም፣ ስለ ገብስ፣ ስለ ነብር፣ ስለ አንድ የሞተ ጓደኛቸው። እኔም ስለ ሁለቱ ወንድማማቾች ነገርኳቸው። በጣም ሳቁ። "መሬቱ ስንት ጥማድ ነው?" ብለው ጠየቁኝ። ከዚህ በላይ የሚጠየቅ ነገር የለም በሚል ድምፅ።

ጎንደር ስመለስ ቢሮው ሄጄ አቤቱታዬን አቀረብኩ። በቃል ሳይሆን በጽሑፍ፣ በሦስት ኮፒ። ስለ ዚፑ፣ ስለ ከፍታው፣ ለስካውት ድንኳን ስለመመደብ። ወጣቱ አነበበውና "ጋሼ፣ ከፍታ ሁሉንም ይይዛል" አለኝ። ገንዘብ አልመለሰም። ሻይ ጋበዘኝ። ሻዩ ደህና ነበር።

ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ፦ ለቢሮው ሁለት ከአምስት፤ አንዱ ለድንኳኑ ነው፣ ሌላው አብሳዩን ስለመረጠልኝ። የአብሳዩን ተናግሬያለሁ። በቅሎዋ ከኔ የተሻለ ሰው ናት። ጋሼን በኮከብ አልቆጥራቸውም፤ ሲመለሱ ግን ቡትሱን ሰጠኋቸው። ልካቸው ነበር። ባለፈው ሰው ሲነግረኝ ለልጃቸው ሰጥተው አሁንም በኮንጎ ነው የሚሄዱት።

ወደ ልጁ ልመለስ። መልቀቂያውን እየተየብኩ ሳለሁ ስልኩን አውጥቶ የአንድ አሜሪካዊ ወጣት ፎቶ አሳየኝ። ክሪስ ማካንድለስ ይባላል። እንደ ፈረንጆች በ1992 አላስካ በረሃ ብቻውን ገብቶ በተጣለ አሮጌ አውቶቡስ ውስጥ ከመቶ ቀን በላይ ኖረ። ልጁ ፎቶውን ሲያሳየኝ ዓይኑ ያበራል። ወጣቱ አውቶቡሱን ተደግፎ ፈገግ ብሏል። "እየው ጋሼ፣ ነጻ ሰው!" አለኝ።

ታሪኩን አውቀዋለሁ። ከጉሙ በኋላ አንብቤዋለሁ። ወጣቱ በበጋው መመለስ ፈልጎ ተነስቶ ነበር። ሲገባ በእግሩ የተሻገረው ወንዝ በቀለጠ በረዶ ሞልቶ ጠበቀው፤ ወደ አውቶቡሱ ተመለሰ። ከዚያ ቦታ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ በማይሞላ ርቀት ላይ በሽቦ ተንጠልጥሎ የሚያሻግር ሳጥን ነበር። ዝርዝር ካርታ አልያዘም፣ የሚነግረውም ሰው የለም። በ24 ዓመቱ እዚያው አውቶቡስ ውስጥ ሞተ። ከሱ በኋላ አውቶቡሱን ለማየት ብለው የሄዱ ሁለት ሰዎች በዚያው ወንዝ ሰጥመዋል። በ2020 መንግሥት አውቶቡሱን በሄሊኮፕተር አንስቶ ወሰደው። እኔ እንደ ልጁ ፈገግታውን አይደለም የማየው። ያንን ሳጥን ነው። የሆነች እረኛ ቆማ "በዚህ በኩል ነው!" ብትለው ኖሮ።

ይህን ሁሉ ለልጁ አልነገርኩትም። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ምክር ልስጥህ ሲባል ፊቱ ይዘጋል። የጠየቅሁት ሌላ ነው። "ቀኑን ስንት ልበለው?" አልኩ፤ የደብዳቤውን ቀን። አሰበ። "ክፍት ተወው ጋሼ፣ በኋላ በእጄ እሞላዋለሁ" አለ። ክፍት ተውኩት። ሲከፍለኝ ድንኳን የት እንደሚከራይ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ያው ቢሮ ነው፤ ሌላ አላውቅም።

እንግዲህ የኔ ልጅ፣ ይህን ካነበብከው፦ መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቅ። የመጀመሪያውን ሌሊት ሳንቃበር እደር፣ በመኪና ጨነቅ ልውሰድህ የሚልህን እምቢ በለው። ለስካውቱ ድንኳን ይመደብ ብለህ ውሉ ላይ አስጽፍ፤ የጽሕፈቱን አላስከፍልህም። ስሊፒንግ ባጉን ስትቀበል ደግሞ ቢሮው ውስጥ ዘርጋው፣ ግባበት፣ ዚፑን እስከ አገጭህ ድረስ ሳበው። ይስቁብህ።